ጀርባውን ሲያዞር የምትስቀው ሴት

«እዚህ ይቀመጡ። አገጭዎን እዚች ላይ ያሳርፉ።»

«እኔ እንኳን የመጣሁት...»

«አይናገሩ። ሲናገሩ አገጭዎ ይነቃነቃል።»

ዝም አለች። ዝም በይ ተብላ ዝም ያለችበትን ቀን እናቷ ብትጠየቅ አንድም አታስታውስም። ግን ሰውዬው የነጭ ጋውኑን እጅጌ ሰብስቦ ፊት ለፊቷ በርጩማ ላይ ሲቀመጥ፣ ትንሿን ማስመሪያ አፍንጫዋ ላይ ደገፍ አድርጎ «የግራ ዓይኔን ይዩ» ሲላት፣ የመጣችበት ጉዳይ ከጭንቅላቷ ብን ብሎ ጠፋ።

«አሁን ደግሞ የቀኙን።»

አየች። ከቀኝ ዓይኑ ብሌን አጠገብ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ነጥብ አለች። እንዲህ ቀርቦ ያያት ሰው ከስንት ጊዜ ወዲህ የለም። ሥራዋ ሰውን በስክሪን ማየት ነው፤ በስክሪን ያለ ሰው ደግሞ መልሶ አያይም።

«በዓይኖችዎ መሃል ያለው ርቀት ሰፋ ያለ ነው» አለ ቁጥሩን እየጻፈ።

«ስድብ ነው?»

«ልኬት ነው።» ቀና ብሎ ፈገግ አለ። «ሲያዩትም አይከፋም።»

ይሄኔ ሐሳቧ ከሄደበት ተመለሰ።

«ይቅርታ... እኔ መነጽር ላሠራ አልመጣሁም። ከቴሌቪዥን ጣቢያ ነኝ። የአባትዎን የድሮ ፎቶዎች ፈልጌ ነው።»

መነጽር ሠሪው ማስመሪያውን እንደያዘ ቀረ። «ታዲያ ለምን ዝም ብለው ይለካሉ?»

«አይናገሩ አሉኝ እኮ።»

ሁለቱም ሳቁ። ሱቁ አራቱም ግድግዳው መስታወት ነው፤ ደንበኛ መነጽሩን አድርጎ ወዲያ ቢዞር ወዲህ ቢዞር ራሱን እንዲያይ ተብሎ የተሠራ። ስለዚህ በየዞሩበት ሲስቁ ተያዩ።

«ለማንኛውም» አለ ሳቁን ሲጨርስ፣ «ዓይንዎ መነጽር ይፈልጋል። ፎቶውን ሊወስዱ ሲመጡ እሱንም ይወስዳሉ።»

ይህቺን ሴት ጣቢያው ውስጥ «መቀስ» ይሏታል። የተቀረጸውን የምትቆርጠውና የምትቀጥለው እሷ ናት። እጇ የገባ ረጅም ነገር ሁሉ አጥሮ ይወጣል። ንግግር ማድረግ የሚወዱ ሰዎች ኮሪደር ላይ ሲያገኟት አጥብቀው ሰላም የሚሏት ወደው አይደለም።

የመነጽር ሠሪው አባት ደግሞ ጋሽ ፊሽካ ናቸው። ጋሽ ፊሽካን የማያውቅ ካለ ትናንት የተወለደ ነው። ወጣት ሳሉ መድረክ ላይ አንድ የእግር ኳስ ዳኛ ሆነው ወጡ፤ ሜዳውን ትቶ በሰው ኑሮ ውስጥ እየገባ የሚዳኝ ሰው። ባልና ሚስት ሲጣሉ ፊሽካ ይነፋል። ሰልፍ የዘለለውን ቀይ ካርድ ያወጣበታል። አለቃ ሠራተኛውን ሲያመናጭቅ «ጥፋት ነው» ብሎ ቅጣት ምት ያስመታል። አዳራሹ በሳቅ ይፈርስ ነበር። ከመድረክ ወደ ሬዲዮ፣ ከሬዲዮ ወደ ቴሌቪዥን ተሻገሩ፤ ሽልማት በሽልማት ላይ ተደረበ። ዛሬም መንገድ ሲሻገሩ ትራፊክ ፖሊሱ ሳይቀር ፊሽካውን ነፍቶ ሰላም ይላቸዋል።

አሁን የጣቢያውን አንድ ጓዳ ላሳያችሁ። ሠራተኞቹ «ማቀዝቀዣው» ይሉታል። ዕቃ አይምሰላችሁ፤ ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ማኅደር ነው። የታዋቂ ሰዎች የሕይወት ታሪክ አስቀድሞ ተሠርቶ እዚያ ይቀመጣል። ሰዎቹ በሕይወት አሉ፤ እየበሉ እየጠጡ ነው። ታሪካቸው የሚወጣው ያረፉ ቀን ነው። ክፋት የለበትም፤ ሰው ባረፈ ሰዓት ያ ሁሉ ቀረጻ ከየት ይሰበሰባል?

ማቀዝቀዣው አንድ ሕግ አለው። ማንም አልጻፈውም፣ ማንም ግን አይጥሰውም፦ የመጨረሻዋ ደቂቃ አትሞላም። ድሮ አንድ ትጉህ ሠራተኛ የአንዲትን አንጋፋ ዘፋኝ ታሪክ እስከ ጥጉ ሠርቶ «ጨረስኩ» ባለ ማግስት ዘፋኟ ዐረፉ ይባላል። ከዚያ ወዲህ ሁሉም የመጨረሻዋን ደቂቃ ጥቁር አድርጎ ይተዋታል። ሲጠይቋቸው «እኛ በእንዲህ ያለ ነገር አናምንም» ይላሉ፤ ግን አንድም ሰው ሞክሮት አያውቅም።

መቀስን የላኳት የፕሮግራም ኃላፊው ናቸው።

«ጋሽ ፊሽካ ልባቸውን አሟቸዋል። ቀዶ ጥገና ሊገቡ ነው አሉ። ማቀዝቀዣው ውስጥ ደግሞ ምንም የለንም። ልጃቸውን አግኝተሽ ፎቶ ተቀበይ። ምክንያቱን ግን ለስለስ አድርጊው።»

ለስለስ አደረገችው። ለመነጽር ሠሪው «በሥራ ዘመናቸው የደመቁባቸውን ቀኖች የሚያሳይ ዝግጅት ነው» አለችው። ውሸት አልነበረም። የቀረውን ግማሽ ግን ዋጠችው።

ጋሽ ፊሽካ በራቸውን ራሳቸው ከፈቱላት። ቀጠን ብለዋል፤ ዓይናቸው ግን ያው ነው፣ ነገር የሚፈልግ።

«ግቢ የኔ ልጅ። ሽልማቶቼ እነዚያ ናቸው። ትልቁ ዋንጫ ውስጥ ጃንጥላ አለ፤ ዝናብ ከመጣ ውሰጂ።»

እውነትም ዋንጫው ውስጥ ጃንጥላ ቆሟል። መቀስ ፎቶ ስታነሳ፣ አልበም ስትገልጥ፣ እሳቸው ሲያወሩ፣ ልጃቸው ሻይ ሲያፈላ ዋሉ። በመጨረሻ እንደ ሥራዋ ልማድ ጠየቀቻቸው።

«ጋሼ፣ በሥራ ዘመንዎ ትልቁ ቀን የትኛው ነው?»

ስለ ሽልማት ያወራሉ ብላ ጠብቃ ነበር። ሽማግሌው ግን ግድግዳው ላይ ወዳለው የሠርግ ፎቶ ዞሩ። ከጎናቸው የቆመችው ሙሽራ ፊቷን ኮስተር አድርጋለች።

«እሱ ቀን አልመጣም» አሉ። «ቀረብኝ።»

«እንዴት?»

«ይህቺን ሴት ያገኘኋት ገና ስጀምር ነው። ‹ካሳቅከኝ አገባሃለሁ› አለችኝ። እኔ ደግሞ በቀልዴ የምመካ ጎረምሳ! ያልሞከርኩት የለም። ወደቅኩ፣ ተነሳሁ፣ እንደ ዶሮ ጮኽኩ። ጥርሷን አላየሁትም። ደክሞኝ አንድ ቀን ዝም ብዬ ‹አግቢኝ› አልኳት። ‹እሺ› አለች።»

«ሳትስቅ?»

«ሳትስቅ። ከዚያ በኋላም ዕድሜ ልኬን ሞከርኩ። በየዝግጅቱ ትመጣለች፣ ሦስተኛው ረድፍ ጥግ ላይ ትቀመጣለች። አገር ሲስቅ እሷ እንደ ፈታኝ ታየኛለች። ቤት ስንገባ ‹እንዴት ነበር?› እላታለሁ። ‹ቀልድና ቅዘን ቤት ያጠፋል፣ እጅህን ታጠብ› ትለኛለች።» ሳቅ አሉ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ሞተባቸው። «ከእኔ ቀድማ ሄደች። ስንቱን ያሳቅኩ ሰው እሷን ሳላስቅ ቀረሁ።»

መነጽር ሠሪው የሻይ ብርጭቆዎቹን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ ሰምቶታል፤ ቢሆንም ሁልጊዜ እዚህ ጋ ሲደርስ እጁ የሚይዘው ያጣል።

መቀስ ግን ከፎቶው ላይ ዓይኗን መንቀል አቃታት። ያቺን ሴት የሆነ ቀረጻ ላይ አይታታለች።

በማግስቱ የጣቢያው የቀረጻ መጋዘን ወረደች። አዳራሽ ውስጥ ሲቀረጽ ሁለት ካሜራ ይቆማል፤ አንዱ መድረኩን፣ ሁለተኛው ተመልካቹን ያያል። ከሁለተኛው ካሜራ ለሳቅ የምትሆን ቁንጣሪ ተወስዳ የቀረው መጋዘን ይገባል፤ ማንም መልሶ አያየውም። መቀስ አቧራውን ጠርጋ አየችው። ሦስተኛው ረድፍ፣ ጥግ ላይ፣ አረንጓዴ ሻርፕ ያደረገች ኮስታራ ሴት። ጋሽ ፊሽካ ወደ ሕዝቡ ሲያዩ ፊቷ ድርቅ ይላል። ጠፋች የተባለች ኳስ ሊፈልጉ ጀርባቸውን ሲያዞሩ ግን... ሴትዮዋ ሻርፏን አፏ ላይ ጠቅጥቃ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ትስቃለች። እሳቸው መለስ ሲሉ እንደገና ድርቅ።

ሌላ ቀረጻ ከፈተች። ያው ሴት፣ ያው ሳቅ። ሌላም። መቀስ ብቻዋን መጋዘን ውስጥ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ ስታለቅስ ደግሞ ትስቅ ነበር።

ለማንም አልተናገረችም። የምሳ ሰዓቷን እየቆጠበች ሳቆቹን አንድ በአንድ መልቀም ያዘች። ሲያልቅ ለአባትና ለልጅ ልታሳያቸው አሰበች፤ ያን ቀን የዋጠችውንም ግማሽ እውነት አብራ ልትናገር ለራሷ ቃል ገባች።

እስከዚያው ፍቅር ሥራውን ይሠራ ነበር። መነጽር ሠሪው የሙከራ ክፈፍ ፊቷ ላይ ሲያስተካክል ጣቶቹ ከጆሮዋ ጀርባ ከሚያስፈልገው በላይ ይቆዩ ጀመር።

«ይጠብቃል?»

«አይጠብቅም።»

«ይላላል?»

«አይላላም።»

«ታዲያ ምን ይሻለናል?»

«አንተ ታውቃለህ፤ ሐኪሙ አንተ ነህ።» ከዚያ ደንግጣ አፏን ያዘች። «ይቅርታ፣ አንተ አልኩህ።»

«ይሁን። እኔም አንቺ ልበልሽ። እርስዎ ስልሽ አክስቴን የማናግር ይመስለኛል።»

አንድ ቀን ከሥራ በኋላ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሊሸኛት አብረው ወጡ። አውቶቡስ ማቆሚያው ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ አውቶቡስ መጣ፣ ሄደ፣ ሌላም መጣ፣ ሄደ። አልተነሱም።

«አንዴ በስልክ ‹ጋሽ ፊሽካ ዐረፉ› የሚል ወሬ ተናፈሰ» አለ። «ደንበኛ ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ ሱቁን ሳልዘጋ ሮጥኩ። መንገድ ላይ የማላውቀው ሰው ሁሉ ‹እግዜር ያጥናህ› ይለኛል። ስደርስ አባባ ካልሲ እየጣፈ ነው። ቀና ብሎ ‹ለቀብሬ ከሆነ ቀድመሃል፣ ገና አልለበስኩም› አለኝ።»

ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

«አፍንጫ ሲመቱት ዓይን ያለቅሳል። ለሱ ቀልድ ነበር። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቤ ስንጥቅ ይላል። ሰው በሕይወት እያለ እንዴት ሞቱን ያዘጋጁለታል?»

ልቧ «አሁን ንገሪው» አላት። አስቡት እንግዲህ፣ ይህን የመሰለ ነገር ከሰማች በኋላ ከየት ይጀመራል?

«ነገ ትመጫለሽ?» አላት።

«ፎቶው አለቀ እኮ።»

«ያላሳየሁሽ አንድ አልበም አለ።»

«የማን?»

«የኔ የሕፃንነት። ማንም አይፈልገውም።»

«እኔ እፈልገዋለሁ» አለች፣ እጇንም ሰጠችው። ሦስተኛው አውቶቡስም ሄደ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። መነጽሩ ያለቀ ቀን እሱ ራሱ ሊያስደንቃት ጣቢያው ድረስ ይዞላት መጣ። እሷ ሻይ ልትቀዳ ወጥታለች። ክፍሉ ውስጥ ያለው የድምፅ ባለሙያው ብቻ ነው፤ ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮው ላይ አንስቶ «እዚያ ጋ ተቀመጥ፣ አሁን ትመጣለች» አለው። ተቀመጠ። ፊት ለፊቱ ስክሪኑ ላይ የአባቱ ፎቶ አለ። ከሥሩ ስማቸው፣ ከስማቸው ሥር የተወለዱበት ዓመት፣ ከዓመቱ ቀጥሎ ሰረዝ። ከሰረዙ ቀጥሎ ባዶ ቦታ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«እሱ የማቀዝቀዣ ሥራ ነው» አለ የድምፅ ባለሙያው በቅንነት። «ሲሞቱ ነው የሚወጣው። ሰውዬው ገና አልሞቱም።»

መቀስ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዛ ስትገባ ቆሞ አገኘችው። ፊቱን አይታ ነገሩ ገባት።

«ይህችን ባዶ ቦታ እየጠበቅሽ ነው ቤታችን ሻይ የምትጠጪው?»

«አይደለም... ስማኝ፣ ልነግርህ...»

«አባባ ዋንጫውን እያሳየሽ፣ ጃንጥላ እያበደረሽ...»

«እባክህ፣ አንድ ደቂቃ...»

«አይናገሩ» አለ መነጽር ሠሪው። «ሲናገሩ ይነቃነቃል።»

መነጽሩን ኮምፒውተሯ ላይ አስቀምጦ ወጣ። እርስዎ ብሎ የጠራት ድምፁ ከሁሉ በላይ ወጋት። ሻዩ እጇ ላይ ቀዘቀዘ። ቆይታ መነጽሩን አደረገችው። ልኬቱ ልክክ አለ፤ ሁሉ ነገር ጥርት ብሎ ታያት፣ ሰረዙም ጭምር።

ስልኩን አያነሳም። ሱቁ ስትሄድ ዝግ ነው። ለእናቷ ደውላ ሁሉን ነገረቻት።

«ዋሸሽው እንዴ?»

«አልዋሸሁትም እማዬ። ግማሹን ነው የነገርኩት።»

«ግማሽ ልብስ ለብሰሽ አደባባይ ትወጫለሽ? ሂጂ፣ የቀረውን ተናገሪ። ከዚያ ቢተውሽም አውቆ ይተውሽ።»

ከቀዶ ጥገናው በፊት በነበረው ቀን የፕሮግራም ኃላፊው መጡ።

«ነገ ሰውዬው ሊገቡ ነው። ክፉ አያሰማን እንጂ ነገር ቢመጣ ዝግጁ መሆን አለብን። የመጨረሻዋን ደቂቃ ዛሬ ሙያት።»

«አልሞላም።»

«ምን አልሽ?»

«አልሞላም። ከፈለጉ ወንበሩ ይኸው፣ እርስዎ ይሙሉት።»

የድምፅ ባለሙያው ማዳመጫውን አወለቀ። ኃላፊው በቁጣ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ፤ እጃቸውን ማውሱ ላይ አደረጉ፤ ጥቁሯን ደቂቃ አዩአት። ላባቸውን ጠረጉ። ከዚያ ትኩስ ድስት እንደነካ ሰው እጃቸውን አነሱና ከወንበሩ ተነሱ።

«ለነገሩ አይቸኩልም» ብለው ወጡ። የዚያን ዕለት ዳግመኛ ማንም ሰው አላያቸውም።

መቀስ ላፕቶፗን ይዛ ወደ ሆስፒታሉ ሄደች። ጋሽ ፊሽካ አልጋቸው ላይ ትራስ ተደግፈው በመስኮት የሚገባውን ፀሐይ ይሞቃሉ። ልጃቸው መድኃኒት ሊገዛ ወጥቷል። በሩ ላይ ቆመች።

«ጋሼ... አንድ ነገር ልነግርዎት ነው የመጣሁት። ያን ዝግጅት...»

«ልጄ ነግሮኛል። ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገባሽኝ አይደል?»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«እኔም እላለሁ ሰሞኑን ምን ሆኜ ነው የሚበርደኝ።»

አንገቷን ደፋች። ሳቅ ይምጣት ለቅሶ አልታወቃትም።

«ነይ፣ ተቀመጪ። የኔ ልጅ፣ እኔና ማቀዝቀዣው የተዋወቅነው አንቺ ሳትወለጂ ነው። የጓደኞቼን ታሪክ ያነበበላቸው ማን ሆነና? እኔ ነኝ። አንዱማ ጎኔ ተቀምጦ ‹ዐረፈ የምትለውን ትንሽ አዘን ብለህ በላት› ብሎኛል።» ሳል አሉና ቀጠሉ። «የኔ አለመሠራቱ ነበር የከነከነኝ። ረስተውኝ ይሆን ብዬ።»

«ልጅዎ ግን...»

«ልጄ እናቱን ነው። አይስቅልሽም፤ ሆዱ ግን ሌላ ነው። ምንድን ነው የያዝሽው?»

መቀስ ላፕቶፗን ከፈተች። «ይህን ጣቢያው አላዘዘኝም። በምሳ ሰዓቴ ነው የሠራሁት። ከሁለተኛው ካሜራ።»

አጫወተችው።

ወጣቱ ጋሽ ፊሽካ በስክሪኑ ጥግ ጀርባቸውን ያዞራሉ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ አረንጓዴ ሻርፕ ያደረገችው ሴት ፈርሳ ትስቃለች። ይመለሳሉ፤ ትደርቃለች። ሌላ ምሽት፣ ሌላ አዳራሽ፤ ያዞራሉ፣ ትስቃለች። በእርጅናቸውም፣ ፀጉሯ ነጥቶ፣ ሻርፑ ወይቦ... ያዞራሉ፣ ትስቃለች። ዕንባዋን በሻርፏ ጠርጋ ኮስተር ትላለች።

ጋሽ ፊሽካ ጣታቸውን አነሱ።

«መልሺው።»

መለሰችው።

«እንደገና።»

እንደገና መለሰችው። ሽማግሌው እጃቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው የሚስታቸውን ፊት ዳሰሱ።

«ጥርሷን አየሁት» አሉ። «አንቺ ልጅ... ጥርሷን አየሁት። ከሳቀችልኝ መልፋቴን የምተው መስሏት ነው። ስታታልለኝ ኖረች። ይህቺ ተንኮለኛ!» ዕንባቸው በጉንጫቸው ወረደ፤ አልጠረጉትም። «ትልቁ ቀን የትኛው ነው ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር አይደል? ጻፊ። ዛሬ ነው።»

በሩ ላይ የወረቀት ከረጢት ሲንኮሻኮሽ ተሰማ። መነጽር ሠሪው መድኃኒቱን እንደያዘ ቆሟል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ አይታወቅም፤ ዓይኑ ግን ከእናቱ ላይ አልተነቀለም።

«ይህችን በባዶዋ ደቂቃ አስገቢያት» አሉ ጋሽ ፊሽካ።

«ዛሬ አላስገባም።»

«ለምን?»

«ነገ ከቀዶ ጥገናው ይወጣሉ። ከዚያ ፊሽካዎን ራስዎ ሲነፉልኝ አስገባታለሁ።»

«ካልወጣሁስ?»

«ካልወጡማ ሥራው አያልቅም። የጀመሩትን ሳይጨርሱ መውረድ ደግሞ እንደማይወዱ አውቃለሁ።»

ሽማግሌው ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ሰማህ? ይህቺ ልጅ እያስፈራራችኝ ነው። እንዲህ ዓይነቷን ሴት አንድ ጊዜ አውቅ ነበር፤ አግብቻት ተገላገልኩ።»

ኮሪደሩ ላይ ሁለቱ ለብቻቸው ቆሙ። እሷ መነጽሯን አውልቃ በሹራቧ ትጠርጋለች።

«በሹራብ አይጠረግም፤ ይጭራል» አላት።

«ልነግርህ ነበር። ስለዚያ ወሬ ስትነግረኝ ፈራሁ።»

«ምን ፈራሽ?»

«እንዳላጣህ።»

መነጽሩን ከእጇ ወስዶ ከኪሱ ባወጣው ጨርቅ ጠረገው። አንዴ ጠርጎ፣ ደግሞ ጠረገው።

«የእናቴን ድምፅ አስታውሳለሁ፤ ሳቋን ግን ረስቼው ነበር» አለ። «አንድ ሰው መጋዘን ወርዶ ፈልጎ አመጣልኝ። እኔ ደግሞ ሳልሰማሽ ወጣሁ። ይቅር በይኝ።»

«ጥፋቱ የኔ ነው።»

«የሁለታችንም ነው። ዳኛው አባባ ይሁን፤ ለሁለታችንም ቢጫ።» መነጽሩን አደረገላት። ጣቶቹ ከጆሮዋ ጀርባ ቆዩ። «ነገ አጠገቤ ትቀመጪያለሽ?»

«እቀመጣለሁ» አለች። አንቺ ብሏታል፤ ሌላ የሚያስፈልጋት አልነበረም።

በማግስቱ ከቀዶ ጥገናው ክፍል ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። እሱ የተጠረገ መነጽር ይጠርጋል፤ እሷ የተነበበ ማስታወቂያ ታነባለች። በሩ በተከፈተ ቁጥር ሁለቱም ብድግ ይላሉ፤ አንዴ የጽዳት ሠራተኛ ነች፣ አንዴ የሌላ ሰው ሐኪም። እጅ ለእጅ ተያይዘው መነሳትና መቀመጥ ሆነ ሥራቸው።

በመጨረሻ የእነሱ ሐኪም ወጡ። ጭምብላቸውን ወደ አገጫቸው አወረዱ። ፊታቸው ደክሟል።

«የጋሽ ፊሽካ ቤተሰብ?»

«እኛ ነን» አሉ ሁለቱም በአንድ ድምፅ።

«ጥሩ ነው። ልባቸው በደንብ እየሠራ ነው።» ሐኪሙ ፈገግ አሉ። «ዓይናቸውን በደንብ ሳይገልጡ ምን አሉኝ መሰላችሁ? ‹ማን አሸነፈ?›»

መነጽር ሠሪው አግዳሚው ላይ ዘፍ ብሎ ተቀምጦ ፊቱን እጁ ውስጥ ቀበረ፤ እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ መቀስ ለማየት ጎንበስ ስትል አንገቷን አቅፎ ያዛት። እንዲህ ያለ እፎይታ ለካ ሰውን ያደክማል፤ ሁለቱም ለረጅም ጊዜ መነሳት አልቻሉም።

ጋሽ ፊሽካ ቤታቸው ገብተው ጉልበት ሲያገኙ፣ ሳሎናቸው ውስጥ ጃንጥላው ዋንጫ አጠገብ ተቀምጠው ፊሽካቸውን ነፉ። ለካሜራው። ትንፋሻቸው አጭር ስለነበረ ፊሽካዋ ቀጠን ያለች ወጣች፤ ቢሆንም ወጣች። መቀስ በባዶዋ ደቂቃ ውስጥ የሴትዮዋን ሳቅ፣ ከሳቁ ቀጥሎ ያቺን ፊሽካ አስገባች። ከዓመቱ ቀጥሎ የነበረውን ሰረዝ አጠፋችው። የድምፅ ባለሙያው እየፈራ ጠየቃት።

«አለቀ ልትይ ነው?»

«አለቀ» አለች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ።

በማግስቱ ጋሽ ፊሽካ ደህና አደሩ። በሳምንቱም ደህና ነበሩ። ዝግጅቱ የተላለፈ ቀን ራሳቸው ሶፋ ላይ ሆነው አዩት። ማቀዝቀዣው ከተከፈተ ጀምሮ በእግሩ ወጥቶ ራሱን ያየ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ሆኑ። የፕሮግራም ኃላፊው ለሰው ሁሉ «እኔ ነኝ አይቸኩልም ያልኳት» ይላሉ።

አሁን ወደ መነጽር ሱቁ እንመለስ። አንድ ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ጠፍቶ ሁለቱ ብቻቸውን ናቸው። መነጽር ሠሪው ጉሮሮውን ጠረገ።

«መቀሴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር።»

«ጠይቀኝ።»

«ታውቂዋለሽ ጥያቄውን።»

አወቀችው። ልቧ ዘለለ፤ ፊቷን ግን ኮስተር አደረገች። «እንደ ቤታችሁ ልማድ ነው የሚሆነው። ካሳቅከኝ አገባሃለሁ።»

«እኔ እኮ ቀልድ አልችልም።»

«እሱ የኔ ችግር አይደለም።»

ጭንቅላቱን አከከ። አሰበ። «እሺ። አንድ ሰውዬ ሱቄ መጣ። ‹ለሚስቴ መነጽር እፈልጋለሁ› አለኝ። ‹ማየት አቅቷት ነው?› አልኩት። ‹ኧረ እሷ የማታየው የለም› አለኝ። ‹የሚቀንስ ነገር ካለህ ብዬ ነው።›»

ዝም ብላ አየችው። እንደ ፈታኝ።

«በቃ?» አለችው።

«በቃ። አላልኩሽም? የአባባ ችሎታ እኔ ጋ አልደረሰም።» ተንፍሶ ጀርባውን አዞረና ክፈፎቹን መደርደሪያው ላይ መልሶ መደርደር ጀመረ።

መቀስ ከዚያ በላይ መያዝ አልቻለችም። አንገቷ ላይ የጣለችውን ሻርፕ አፏ ላይ ጠቀጠቀች፤ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ዕንባዋ መነጽሯ ሥር ወረደ።

«አየሁሽ» አለ እሱ፣ ሳይዞር።

ቀና አለች። በአራቱም ግድግዳ፣ በየመስታወቱ፣ ሻርፏን አፏ ላይ የጠቀጠቀች ሴት ትስቃለች። በየመስታወቱም አንድ ሰው ጀርባውን እንዳዞረ ያያታል።

«ምስኪን አባባ» አለ። «አንዲት መስታወት እንኳን አልነበረውም።»

ሻርፏን አወረደች። ጥርሷ ሁሉ እየታየ፣ ምንም ሳትደብቅ፣ «እሺ» አለችው።